ክረምቱ ከሁለቱ ልጆቻችን ጋር

የሰኔ ፈተና አልቆ ካርድ ከተሰጠበት ቀን አንስቶ እስከ መስከረም ድረስ ልጆች ቤት ይውላሉ። የሰባት ዓመት ሴት ልጅና የአራት ዓመት ወንድ ልጅ ይዞ፣ በሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም፣ ያውም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሐምሌን መቀበል ምን እንደሚመስል የደረሰበት ሁሉ ያውቀዋል። ባሕር ማዶ የሚኖሩ ዘመዶቻችን በዚሁ ወቅት ልጆቻቸው በፀሐይ ውኃ ሲራጩ የሚያሳይ ፎቶ ይልኩልናል፤ የእኛ ልጆች የዕረፍት ወራት ግን ከዓመቱ ሁሉ ዝናብ የሚበዛባቸው ናቸው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ስለሆነች፣ ዳመናው ሲጫናት ቀኑም እንደ ሌሊት ይበርዳል። ስለዚህ ስለ ክረምት ጨዋታ ስጽፍ ስለ ዝናብ መጻፌ አይቀርም።

ባለፈው ዓመት ትልቋን ለክረምት ትምህርት አስመዝግበናት ነበር። ልጅቷ ሥዕል፣ ስፖርትና ጨዋታ ይኖራል ተብሎ የተነገረንን አምና በደስታ ሄደች፤ በሁለተኛው ሳምንት ደብተሯን ስገልጥ ግን የሚቀጥለው ክፍል ትምህርት ከሰሌዳ ላይ ተገልብጦ አሥራ ሁለት ገጽ ሞልቷል። «ዛሬ ምን ተጫወታችሁ?» ስላት «ጻፍን» አለችኝ። አሥር ወር ሙሉ ስትጽፍ የከረመች ልጅ ናት። ከባለቤቴ ጋር ተመካክረን አስወጣናት፤ ዘንድሮም ገንዘቡንም ጊዜውንም ለቤታችን አዋልነው። በዚህ ውሳኔ እስካሁን አልተጸጸትንም።

የክረምቱ ቀን የራሱ አካሄድ አለው። ብዙውን ጊዜ ጠዋት ፀሐይ ብቅ ትላለች፤ ከምሳ በኋላ ሰማዩ ይጠቁርና መብረቁም ዝናቡም ተከታትለው ይመጣሉ። እኛም ቀኑን በዚሁ ልክ ከፈልነው። ጠዋት ቁርስ እንደተበላ፣ ሥራ የማንገባበት ቀን ከሆነ፣ አንዳችን ልጆቹን ይዘን ወደ ግቢው እንወርዳለን። ትልቋ ከጎረቤት ልጆች ጋር በጠመኔ ሰኞ ማክሰኞ ትሠራለች፣ ጠፍጣፋ ድንጋዩን ትወረውርና በአንድ እግሯ እንጣጥ እንጣጥ ትላለች፤ ትንሹ ተራው ሲደርስ በሁለት እግሩ ይዘላል፣ ማንም አይቆጣውም። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጠመኔውን አጥቦ ስለሚወስደው በማግስቱ እንደገና ይሠራል። ልጄ በሐምሌ መጀመሪያ ላይ መስመሩ ጠፋብኝ ብላ አኩርፋ ነበር፤ ነሐሴ ላይ ግን ቀጥ ያለ መስመር መሥራት የቻለችው በየቀኑ ስለሚጠፋ መሆኑን ራሷ ነገረችኝ።

ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ ቦት ጫማ አድርገን የወረቀት ጀልባ ይዘን እንወርዳለን። የጎርፍ መውረጃ ቦዩ ዳር ስንቆም የምንከተለው አንድ ሕግ አለን፦ ትንሹ እጁን ሳይሰጠን ወደ ቦዩ አይጠጋም፣ ክዳኑ የተነሣ ጉድጓድ ባለበት አቅጣጫም ፈጽሞ አንሄድም። ጎርፍ ሲሞላ ጉድጓድና ሜዳ አይለይም፤ በዚህ ነገር ቸልታ የለም።

ከሰዓት በኋላው ግን ረጅም ነው። የመጨረሻው ፎቅ ላይ ስለሆንን ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እርስ በርስ መሰማማት ያቅተናል። አንድ ቀን በሐምሌ አጋማሽ በረዶ ወረደ። ትንሹ መጀመሪያ ፈርቶ ከጠረጴዛ ሥር ገባ፤ እህቱ የሻይ ብርጭቆ ይዛ በረንዳ ላይ የተከመረውን በረዶ አፍሳ ስታመጣለት ወጣ። ከዚያም አንድ አንዱን እያነሣ መዳፉ ላይ ያደርግና እስኪቀልጥ ድረስ ትንፋሹን ይዞ ያየዋል። ብርጭቆው ሙሉ የነበረው በረዶ ውኃ ሲሆን ግማሽ እንኳ እንዳልሞላ ሲያይ «ማን ጠጣው?» ብሎ ጠየቀን። ትልቋ በበረዶዎቹ መካከል ክፍተት ስለነበረ መሆኑን ልታስረዳው ብዙ ደከመች፤ በመጨረሻ ብርጭቆ ሙሉ ሽምብራ አምጥታ በላዩ ላይ ውኃ ጨምራ አሳየችው። እኔ አንድ ቃል አልተናገርሁም።

ሽምብራው በዚያው ለገበጣ ዋለ። ሠላሳ እንቁላል የሚይዘው ካርቶን አምስት በስድስት ስለሆነ፣ ሁለቱን ረድፍ በመቀስ ቆርጠን ስናወጣ አሥራ ሁለት ጉድጓድ ያለው ገበጣ ሆነልን። በየጉድጓዱ አራት አራት፣ በጠቅላላው 48 ፍሬ ሽምብራ ይገባበታል። ትንሹ የጨዋታውን ስሌት አይችለውም፤ ነገር ግን ፍሬውን አራት አራት እያደረገ ማደል የእርሱ ሥራ እንዲሆን ስለሰጠነው፣ ማንም ሌላ እንዲነካው አይፈቅድም። አንዱ ጉድጓድ አራት ሲሞላና «ላሜ ወለደች!» ሲባል ከሁላችንም በላይ የሚጮኸው እርሱ ነው። ፍሬውን ወደ አፉም ወደ አፍንጫውም እንዳይወስድ ግን ዓይናችንን አንነቅልም።

ነሐሴ ሲገባ የባለቤቴ እናት ፍልሰታን ከእኛ ጋር ሊጾሙ ከደብረ ብርሃን መጡ። ልጆቹ እማማ ይሏቸዋል። የእርሳቸው መምጣት ቤቱን ለወጠው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ከቅዳሴ መልስ ትንሽ አረፍ ይሉና፣ ማታ መብራት ሲጠፋ እንቆቅልሽ ይጀምራሉ፤ መብራት ባይጠፋም ትልቋ ማጥፊያውን ተጭና ታጠፋዋለች።

«እንቆቅልሽ!»

«ምን አውቅልህ!» ይላል ትንሹ፤ ለአያቱ «ምን አውቅልዎ» ማለት እንደሚገባ ገና አልገባውም።

«ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው?»

ትንሹ ጥቂት አሰበና «ታክሲ» አለ። እማማ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። መልሱ ወንዝ ስለነበረ አገር መስጠት ግድ ሆነበት፤ ከሚያውቃቸው አገሮች ሁሉ የሚወደውን መርጦ «ደብረ ብርሃንን ሰጠሁ» ሲል፣ «የራሴን አገር ለእኔው!» ብለው ወደ ጉያቸው ሳቡት። ትልቋ ተሸንፋ የምትሰጠው አገር እንዳያልቅባት ካርታ ግድግዳ ላይ እንድንለጥፍላት ጠየቀችን። ጎንደርን፣ ሐረርን፣ ጅማንና አርባ ምንጭን ከሰጠች በኋላ፣ አሁን ጎዴና አሶሳ የት እንዳሉ በጣቷ ታሳያለች።

የእሸት በቆሎ ወቅትም ይኸው ነው። ከሰሉን የምናያይዘው በረንዳ ላይ ነው፤ ብርዱ ምንም ያህል ቢጠና ማንደጃውን ወደ ቤት አናስገባም፣ ምክንያቱም በተዘጋ ክፍል ውስጥ የከሰል ጭስ ሰው ይገድላል። ልጆቹ የበቆሎውን ልባስ ይገፍፋሉ፤ እማማ ልባሱን ወደ ኋላ አጥፈው፣ ወገቡን በቀጭን ቅዳጅ አስረው፣ የራሱን የበቆሎውን ጢም ጠጉር አድርገው አሻንጉሊት ይሠሩላቸዋል። ጢሙ ሲሠራ ነጣ ያለ፣ እርጥብና ለስላሳ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ደርቆ ቡናማ ሲሆን ትልቋ «አረጀች» ብላ ነጠላ የመሰለ ጨርቅ አለበሰቻት። ከገበያ የገዛንላት አሻንጉሊት አልጋ ሥር ወድቆ ከረመ።

ቡሄ የሚውለው ነሐሴ 13 ስለሆነ ሁልጊዜ በፍልሰታ ጾም ውስጥ ነው። እማማ ዱቄቱን ከዋዜማው በፊት አቡክተው ሙልሙሉን ሲጋግሩ፣ ትንሹ የራሱን ጠፍጥፎ ዳር ላይ አስቀመጠ። ነሐሴ 12 ማታ ግቢው ውስጥ ችቦ በራ። በማግስቱ የሕንፃው ልጆች ዱላቸውን ይዘው ሆያ ሆዬ እያሉ ከምድር ቤት ጀምረው ወደ ላይ ሲወጡ፣ የዱላው ድምፅ በደረጃው በኩል አራተኛ ፎቅ ድረስ ይሰማ ነበር። ትልቋ አብሬ ልውጣ አለች። እማማ «ይህ የወንዶች ነው» ብለው ጥቂት አንገራገሩ፤ ልጅቷ ግጥሙን ከወንዶቹ ይልቅ አሳምራ እንደምታውቅ ሲሰሙ ግን የራሳቸውን ምርኩዝ አቀበሏት። ብዙ ሰው አሁን ብር ብቻ ይሰጣል። ብሩን አልነቅፍም፤ ልጆቹም ተካፍለው ብስኩትና እስክሪብቶ ገዝተውበታል። ነገር ግን ትኩስ ሙልሙል በእጁ የተቀበለ ልጅ ፊት ሌላ ነው፣ እኔ በዓይኔ አይቼዋለሁ። በሚመጣው ዓመት ከአንድ ኩንታል ላይ ቀንሼም ቢሆን ለሁሉም የሚበቃ እንዲጋገር አደርጋለሁ።

በመካከሉ አንድ ቅዳሜ አምስት ኪሎ ወደሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም ሄድን። ከዕቃዎቹ ሁሉ ልጆቹን የያዛቸው ድንቅነሽ ናት። በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘችውና 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያላት ድንቅነሽ ቁመቷ 1 ሜትር ከ10 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ትልቋ ከቆመው ቅጂ ጎን ተለክታ እንደምትበልጣት ስታውቅ እጅግ ተገረመች፤ ትንሹ «እኔስ መቼ ነው ድንቅነሽን የማክለው?» ይል ጀመር፣ በየሳምንቱም በሩ ላይ እንድንለካው ያስገድደናል።

ለዚህም ይመስለኛል ጳጉሜን 3ን በጉጉት የጠበቃት። የሩፋኤል ዕለት ሰማይ ይከፈታል፣ ዝናቡም ጠበል ነው ተብሎ ስለሚታመን፣ እኔም ልጅ ሳለሁ በካፊያው ውስጥ «ሩፋኤል አሳድገኝ» እያልኩ ሮጫለሁ። ዝናቡ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሲጀምር ሁለቱንም በውስጥ ልብስ ይዘናቸው ወረድን። አባታቸው ፎጣ ይዞ ደረጃው ሥር ቆመ፤ እማማ መኝታ ክፍል መስኮት ላይ ሆነው እጃቸውን ወደ ውጭ ዘርግተው ጠበሉን ተቀበሉ። ትንሹ አፉን ከፍቶ ወደ ላይ አንጋጠጠ። ቤት ከገባን በኋላ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ ሙቅ ሻይ እንኳ ሳይቀምስ በሩ ላይ እንድለካው ጠየቀኝ፤ ከባለፈው ሳምንት ምልክት በምንም እንዳልበለጠ ሲያይ «ገና አልደረቅሁም እኮ» አለ።

የጳጉሜን የቀሩት ቀናት ለእንቁጣጣሽ ሥዕል ዋሉ። በእኛ ደረጃ የሚጠቀሙት አሥር ቤቶች ስለሆኑ ትልቋ አሥር ወረቀት ላይ አደይ አበባ ሣለች፣ ቢጫው እርሳስ ስምንተኛው ላይ አለቀና ሁለቱን በእርድ ቀባቻቸው። ትንሹ የሣለው አንድ ብቻ ነው፤ ከላይ እስከ ታች ሰማያዊ ጭረት የሞላበት ወረቀት፣ ከሥሩ አራት ሰዎችና አንዲት ባለ ነጠላ። መስከረም 1 ጠዋት ከእህቱ ጋር በየቤቱ እየዞረ አንኳኳ፣ ሥዕሉን አሳየ፣ ብሩን ተቀበለ፤ ሥዕሉን ግን ለማንም ሳይሰጥ ከአሥሩም ቤት ይዞት ተመለሰ። አሁን ማቀዝቀዣው በር ላይ ተለጥፎ ይገኛል።