ራጁ ቲቢ ይመስል ነበር

ሳል ይዞት የመጣ ሰው ቅድሚያ ለቲቢ ይመረመራል። በእኛ አገር ይሄ ትክክል ነው። ባለፈው ክረምት ግን ጅማ ወደምሠራበት ክሊኒክ ከአጋሮ አንዲት እናት መጡ። ደረቅ ሳል አለባቸው፣ ቀለል ያለ ትኩሳት፣ ትንሽ ሲራመዱ ትንፋሽ ቁርጥ ቁርጥ ይልባቸዋል። ሌላ ቦታ አንቲባዮቲክ ቢቀያየርላቸውም ጠብ ያለ ነገር የለም። ራጁ ላይ የቀኝ ሳንባቸው ጫፍ ጥላ አለበት። የአክታቸው የጂን ኤክስፐርት ምርመራ ቲቢ አላሳየም። እንዲያም ሆኖ የቲቢ መድኃኒት ይጀምሩ ተብለዋል።

"እማማ፣ ከዚህ በፊት ሌላ ሕክምና ወስደዋል?" አልኳቸው። የመለሰልኝ ልጃቸው ነው። ለቀኝ ጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸዋል፣ ከዚያ ጨረር። ጨረሩ አንገት ሥር ያሉትን እጢዎችም ይጨምር ነበር። ካለቀ ሁለት ወር አልፎታል።

አንገት ሥር የሚሰጥ ጨረር የሳንባን ጫፍ ሳይነካ አያልፍም። ቲቢም የሚወደው ያንኑ ጫፍ ነው። ራጁን መልሼ ብርሃን ላይ ሰቀልኩት። የጥላው ጠርዝ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። የጨረር ጉዳት የሚከተለው የሳንባን የተፈጥሮ ክፍፍል ሳይሆን ጨረሩ ያለፈበትን መንገድ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚታየውም ሕክምናው ካለቀ ከ1 እስከ 6 ወር ውስጥ ነው። ሲቲ ስካኑም ይህንኑ አሳየ። ከካንሰር ሐኪማቸው ጋር ተነጋግረን የሳንባውን ብግነት የሚያበርደውን ፕሬድኒሶሎን ጀመርንላቸው። በሳምንቱ ሳሉ ጋብ አለ።

ልጁ ግን አልተዋጠለትም። ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። "ዶክተር፣ የጨረር የሳንባ ጉዳት በደም ምርመራ ቀድሞ ይታወቃል ይላል። ለምን አልታየላትም?"

ልጅ ለእናቱ እንዲህ ሲጠይቅ በችኮላ አይመለስም። ኬኤል-6 የሚባለው ፕሮቲን የሳንባ የአየር ከረጢት ሕዋሳት ሲጎዱ ደም ውስጥ ከፍ ይላል፤ ጃፓን ውስጥ ለሌሎች የሳንባ ጠባሳ በሽታዎች ይታዘዛል። ግን ከጡት ካንሰርም ሊመነጭ ይችላል። ለእሳቸው ከፍ ብሎ ቢገኝ ከሳንባው ነው ከካንሰሩ? ኢንተርሉኪን-6 የሚባለው የብግነት ምልክት ደግሞ በኢንፌክሽንም ይጨምራል። ጠባሳ እንዲሠራ የሚገፋው ቲጂኤፍ-ቤታ 1 የሚባለው ፕሮቲን ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። ችግሩ፣ ደም እንዲረጋ በሚረዱት ፕሌትሌቶች ውስጥ ተከማችቶ ይገኛል። ደሙ ቱቦው ውስጥ ከረጋ ወይም ቶሎ ካልተለየ ፕሌትሌቶቹ ይለቁትና ቁጥሩ ያላግባብ ያሻቅባል። የጥናቶች ውጤት አልገጥም ካለባቸው ምክንያቶች አንዱ ይሄ ነው። ስለዚህ ዛሬም ዋናው መከላከያ የጨረር እቅዱ ነው። ለሳንባ ካንሰር ሲታከም፣ ለምሳሌ፣ 20 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) እና ከዚያ በላይ የሚያገኘው የሳንባ ክፍል ከ30 እስከ 35 በመቶ እንዳያልፍ ይጣራል።

እናትየው መሃል ገቡ። "ልጄ፣ ድኛለሁ እኮ፤ መድኃኒቱን ላቁመው።" እዚህ ላይ ፍንክች አላልኩም። ፕሬድኒሶሎን በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያለ ነው የሚቀነሰው። ድንገት ከተቆመ ሳሉ ሊያገረሽ ይችላል። አቀናነሱን ለልጁ በቀን በቀን ጻፍኩለት። የሳል ታካሚ መጠየቂያ ቅጻችን ላይም አንድ መስመር ጨመርን፦ "ጨረር ወስደዋል? የት? መቼ አለቀ?"