ከመቀሱ በፊት፦ የሞተ ሥጋን ከቁስል ላይ ስለማንሳት

በነርስነት ሥራዬ የወረስኩት ልማድ አንድ ነበር፤ ጋዝ የሚባለውን ስስ የቁስል ጨርቅ በሳላይን (በጨው ውሃ) አርሶ ቁስሉ ላይ መጫን፣ ሲደርቅ መንቀል። የሞተውን ሥጋ በእርግጥ ይነቅላል፤ ነገር ግን አይመርጥም። አዲስ የበቀለውን ቀይ ሥጋም ከቢጫው የሞተ ሥጋ ጋር ይዞት ይወጣል፤ ሕመሙ ደግሞ ለብቻው ሌላ ቅጣት ነው።

ማስረጃ ማገላበጥ ስጀምር፣ ተመራማሪው ጆርጅ ዊንተር ገና በ1962 እ.ኤ.አ. እርጥበቱ የተጠበቀ ቁስል ለአየር ከተተወው ይልቅ ቶሎ በአዲስ ቆዳ እንደሚሸፈን በአሳማዎች ላይ ማሳየቱን አነበብኩ። ጋዙን አድርቆ መንቀል የዚህ ተቃራኒ ነው። ስለዚህ ተጣብቆ ለሚቀረው ቢጫ ሽፋን ሀይድሮጄል (ውሃ የበዛበት ዝልግልግ ቅባት) እና እርጥበት የሚይዝ መሸፈኛ መጠቀም ጀመርኩ፤ የሰውነት ኢንዛይሞች የሞተውን ሥጋ ራሳቸው ያላሉታል። አዝጋሚ ነው፤ ትዕግሥት የሌለው ባልደረባ ያጉረመርማል።

ከዘዴው ምርጫ በፊት ግን የምጠይቀው አለ፦ እግሩ ደም ያገኛል? የእግሩን የደም ትርታ እዳስሳለሁ፤ ከተጠራጠርኩ የቁርጭምጭሚቱ የደም ግፊት ከክንዱ ጋር ተነጻጽሮ፣ የደም ፍሰትን በድምፅ ሞገድ በሚያዳምጠው መሣሪያ በዶፕለር፣ እንዲለካ አደርጋለሁ። በስኳር ሕመም የደነደነ የደም ሥር ውጤቱን ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ስለሚያሳይ ቁጥሩን ብቻ አላምንም። ደም በማይደርስበት እግር ላይ መቁረጥ ቁስሉን ማስፋት ብቻ ነው። ተረከዝ ላይ ያለ ጥቁር ቅርፊት ደረቅ፣ ያልተነቃነቀና ዙሪያው ያልቀላ ከሆነ አልነካውም፤ ግፊቱን አንሥቼ በየዕለቱ አየዋለሁ። ከለሰለሰ፣ መግል ካወጣ ወይም መቅላቱ ከተስፋፋ ግን ነገሩ ተለወጠ፤ ሳልውል ሳላድር ለቀዶ ሐኪም አስታውቃለሁ።

በምላጭ ማንሳት ፈጣን ነው፤ የሠለጠነና የተፈቀደለት ሰው ሥራ ነው። በደም መላሽ ሥር ችግር ለመጣ የእግር ቁስል፣ የሚያደነዝዘውን የሊዶካይንና ፕሪሎካይን ቅባት አስቀድሞ መቀባት በዚህ ጊዜ የሚሰማውን ሕመም እንደሚቀንስ ጥናቶች ያሳያሉ። ከ30 እስከ 45 ደቂቃ መጠበቅ ይጠይቃል። በተጣደፈ ተራ ላይ መጀመሪያ የሚዘለለው ይህ ስለሆነ፣ የመሣሪያውን ሳጥን ሳልከፍት ቅባቱን ቀብቼ ወደ ሌላ ታካሚ እሄዳለሁ።

አስተሳሰቤን ይበልጥ የቀየረው ግን በ2009 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ የወጣው፣ የሞተውን ሥጋ እንዲያነሡ ቁስል ላይ የሚደረጉ የዝንብ እጮች ሙከራ ነው። እጮቹ የእግር ቁስልን ከሀይድሮጄል ይልቅ ቶሎ አጸዱ፤ ቁስሉ የዳነበት ጊዜ ግን አልፈጠነም፤ ሕመሙም ባሰ። ከዚያ ወዲህ መዝገብ ላይ «ጸድቷል» ብሎ መጻፍ አይበቃኝም፤ ርዝመትና ስፋቱን፣ የጥቁር፣ የቢጫና የቀይ ድርሻውን፣ የሕመሙንም መጠን እጽፋለሁ።

አንድ አዛውንት «ልጄ፣ ቁስሉ እኮ ሰፋ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ የሞተው ሲነሣ ተሸፍኖ የነበረው ጥልቀት ይገለጣል። አሁን ይህንንና ሀይድሮጄል የሚያመጣውን ፈሳሽና ሽታ ለታካሚውና ለአስታማሚው አስቀድሜ እነግራለሁ፤ አለበለዚያ ቤት ሲደርሱ መሸፈኛውን ፈትተው ያደርቁታል።