«ሪል ዱ ፓንዱ»ን ለመጫወት መጀመሪያ ቫዮሊኔን እንደገና ቃኘሁ

ሞንትሪያል ከመጣሁ ወዲህ የኩቤክ (ሞንትሪያል ያለችበት የካናዳ ግዛት) ሰዎች የቫዮሊን አጨዋወት ልቤን ወስዶታል። ተቀምጠው፣ በሁለት እግራቸው ወለሉን እየመቱ ነው የሚጫወቱት። ከበሮ አያስፈልጋቸውም። ከዜማዎቹ መካከል አንዷ ግን አልለቅ አለችኝ፤ «ሪል ዱ ፓንዱ» ትባላለች፣ የተሰቀለው ሰው ሪል ማለት ነው፤ ሪል ፈጣን የዳንስ ዜማ ነው።

አፈ ታሪኩ እንዲህ ነው። ስቅላት የተፈረደበት ሰው ገመዱ ፊት ቆሟል። ቫዮሊን ይሰጡትና «ከተጫወትክ ትፈታለህ» ይሉታል። ሰውየው ቫዮሊን ነክቶ አያውቅም። ግን አነሳ፣ ተጫወተ፣ ዳነ።

የእኔ ስህተት ከወረቀት መጀመሬ ነው። ኖታውን አገኘሁና በተለመደው ቅኝት፣ ከወፍራሙ ክር ጀምሮ ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሚ፣ ሳምንታት ተለማመድኩ። ድምፆቹ ልክ ናቸው፣ ዜማዋ ግን ነፍስ የላትም። የታዋቂውን የኩቤክ ቫዮሊን ተጫዋች የዣን ካሪኛንን ቅጂ ስሰማ ደግሞ ሌላ ነገር ነው! ካሪኛን በ1916 (እ.ኤ.አ.) ሌቪ በምትባል የኩቤክ ከተማ ተወልዶ ሞንትሪያል ታክሲ እየነዳ የኖረ ሰው ነው፤ ከቫዮሊን ተጫዋቹ ጆዜፍ አላር የተማረውንም ከሸክላ የሰማውንም በጆሮው ነበር የሚይዘው። እሱ ሲጫወት ጣቱ ያልነካቸው ክሮች አብረው ይዘምራሉ።

ነገሩን የገለጡልኝ አንድ ሽማግሌ ተጫዋች ናቸው። «ክሩን ቃኝተኸዋል?» አሉኝ። ቅኝቱ ላ፣ ሚ፣ ላ፣ ዶ ሻርፕ ነው። ወፍራሙን ከሶል ወደ ላ፣ ቀጣዩን ከሬ ወደ ሚ ታጠብቃለህ፤ ሦስተኛውን ትተወዋለህ፤ ቀጭኑን ከሚ ወደ ዶ ሻርፕ ታላላለህ። መጀመሪያ ቀን ቸኩዬ አጠበቅኩና ክር በጠስኩ። ቀስ በሉ። አንዱን ስትነኩ ሌላው ስለሚሸሽ ሁለት ሦስት ጊዜ ዞራችሁ ማስተካከል አለባችሁ።

ከዚያ ደጋኑን ባዶ ክሮቹ ላይ ሳብኩት። ምንም ጣት ሳላሳርፍ የላ ሜጀር ኮርድ፣ አብረው የሚስማሙ ድምፆች፣ ቤቱን ሞላው። ያኔ ነው ታሪኩ የገባኝ! በዚህ ቅኝት ቫዮሊኑ ራሱ ግማሹን ይዘምራል፣ ምንም የማያውቅ እጅ እንኳ አንድ ነገር ያወጣበታል። ታሪኩና ቅኝቱ አብረው የተወለዱ ይመስለኛል። ሪል ራሱ ከስኮትላንድና ከአየርላንድ ሰፋሪዎች ጋር የገባ የዳንስ ምት ነው፤ እንዲህ አድርገው የራሳቸው ያደረጉት ግን በየኩሽናው ሲጨፍሩ ያመሹ የነበሩት የኩቤክ ሰዎች ናቸው።

ክሩ ሲቀየር ጣት የሚያርፍበትም ቦታ ይቀየራል፣ ስለዚህ ኖታውን አስቀመጥኩት። አሁን አንድ ሐረግ እሰማለሁ፣ አቆማለሁ፣ እደግመዋለሁ። ብዙዎቹ ሪሎች ሁለት ክፍል ነው ያላቸው፣ ይቺ ግን ትበልጣለች። ሦስተኛው ላይ ደርሻለሁ። ማታ ማታ ደግሞ ቫዮሊኑን አስቀምጬ፣ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ እግሬን ብቻ አለማምዳለሁ።