ለክርስትና ወደ ፍራንክፈርት

እህቴ ፍራንክፈርት ላይ ሴት ልጅ ወለደች። ወንድ ቢሆን ኖሮ ክርስትናው ያመልጠኝ ነበር። ወንድ ክርስትና የሚነሳው በ40 ቀኑ ነው። ጀርመንን ጨምሮ ብዙ የአውሮፓ አገሮች የሚያስገባው የሼንገን ቪዛ ውሳኔ ደግሞ ለኢትዮጵያዊ 45 ቀን ይፈጃል። ሴት በ80 ስለሆነች ትንሽ ፋታ ተገኘ። እህቴም ይህን አስልታ ኖሯል፣ ገና ከሆስፒታል እንደወጣች ደውላ «አጎት ሆነሃል፤ ዛሬውኑ ቀጠሮ ያዝ» አለችኝ።

መደበኛው 15 ቀን ነው። የእኛ ወደ 45 ያደገው እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 የአውሮፓ ኅብረት ባሳለፈው ውሳኔ ነው። ምክንያቱ ደግሞ መንግሥታችን ያለ ፈቃድ እዚያ የሚኖሩ ዜጎቹን ለመቀበል በበቂ ሁኔታ አልተባበረም የሚል ነው። ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ ለእኛ የለም። «ይህቺ ወረቀት ብትቀርም ግድ የለም» የሚባል ነገርም ቀርቷል። እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ማንንም አልመልስም፣ ማንንም አልከለክልም። ቅጣቱ ግን እኔም ጋ ደረሰ።

ወረቀቱ ከሩቅ እንደሚወራው አይደለም፣ አብዛኛው ቀላል ነው። እህቴ እዚያ የውጭ ዜጎች ቢሮ ሄዳ ገቢዋን አሳየችና የዋስትና ሰነድ ፈረመች፤ ዋናውን በሰው እጅ ላከችልኝ። ከትምህርት ቤቱ ደመወዜንና የዕረፍት ጊዜዬን የሚገልጽ ደብዳቤ አጻፍኩ። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ መድን ገዛሁ። የቪዛው ክፍያ 90 ዩሮ ነው፤ ቢከለክሉህም አይመለስም።

ወገቤን የቆረጠው የስም ነገር ነው። እህቴ ጀርመን ስትመዘገብ የአባታችን ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ተያዘ። በእኔ ፓስፖርት ላይ እዚያው ቦታ የተጻፈው የአያታችን ስም ነው። የአንድ እናት ልጆች ነን፣ በወረቀት ግን ባዳ። ዝምድናችንን የሚያሳየው የልደት ሰርተፍኬት ብቻ ነበር። እሷ የራሷን ድሮ አውጥታለች። የእኔ ሲወጣ መስከረም 5 ቀን 1981 የሚለው በእንግሊዝኛው በኩልም 1981 ሆኖ ተጻፈ። ፓስፖርቴ ሴፕቴምበር 15፣ 1988 ይላል። እዚያው መስኮት ላይ ቆሜ ሰባት ዓመት አረጀሁ። ለማስተካከል ኃላፊዋ ያስፈልጉ ነበር፤ ኃላፊዋ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ወረዳ የሚያውቅ ሰው ቀሪውን ይገምታል።

ፎቶው ደግሞ አለ። 35 በ45 ሚሊ ሜትር ብዬ ነግሬው፣ ፎቶ ቤቱ ልኩን አስተካክሎ ፊቴን አቀላው። ግንባሬ ላይ ያለችውን የልጅነት ጠባሳ እንኳ አጥፍቷታል። «አሳመርኩህ እኮ!» አለኝ። እንደ ገና ተነሳሁ።

ማመልከቻ የሚቀበሉበት ቢሮ በር ላይ ፎርም እንሙላ የሚሉ ልጆች አይጠፉም። አንዱ ፋይሌን ከእጄ ላይ ወስዶ ማገላበጥ ጀመረ።

«ሚስት አለህ ብሮ?»

«የለኝም።»

«ልጅ? ቤት?»

ዝም አልኩ።

«ታዲያ ምን ይመልስሃል ብለው ይስጡህ?»

መፍትሔም ነበረው። አካውንቴ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ብር ያስገቡልኛል፣ ስቴትመንቱ ሲወጣ ይወስዱታል፣ የእሱን ድርሻ እከፍላለሁ። አመስግኜ ፋይሌን ተቀበልኩት። በየወሩ መምህር የሚያገኘው ደመወዝ ሲገባበት በኖረ ሒሳብ ላይ ድንገት ግማሽ ሚሊዮን ብር ዱብ ሲል ያየ ሰው ምን ያስባል? እኔ ብሆን አልሰጥም።

ጥያቄው ግን የደላላ ብቻ አይደለም። ሲከለክሉ የሚሰጡት ፎርም ላይ ምክንያቶቹ ተደርድረዋል፣ በአንዱ ላይ ምልክት ያደርጉልሃል። ሁሉም የሚፈራው ቪዛው ሳያልቅ ለመመለስህ ጥርጣሬ አለን የሚለውን ነው። ጥርጣሬን በምን ወረቀት ታስተባብላለህ? እኔ የመስከረሙን የክፍለ ጊዜ ድልድሌን አስተርጉሜ ጨመርኩበት። የሚያስቅ ነገር ነው፣ ግን ሌላ ምን ነበረኝ?

አሥሩንም ጣቴን አሻራ ሰጥቼ ወጣሁ። ከዚያ መጠበቅ ነው። መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ቀልዱ ተጀመረ፤ «የሽኝቱን ክትፎ መቼ ነው የምንበላው?» ይሉኛል። እሱን ስቄ አለፍኩት። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ግን ለብቻዬ ጠርተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ለ11ኛ ክፍል ሰው እንፈልግ እንዴ? እውነቱን ንገረኝ፣ አልቀየምህም» አሉኝ። ይመለሳል ብለው ደብዳቤውን የፈረሙት እኮ እሳቸው ናቸው! ጀርመኖቹ ቢጠራጠሩ ምን ይገርማል?

ቪዛው የመጣው ክርስትናው በር ላይ ደርሶ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ መግባት፣ 30 ቀን። እናቴ ሻንጣውን በበርበሬና በሽሮ ሞላችው። የተነጠረ ቅቤና ቋንጣ ለመጨመር ብዙ ታገለችኝ። ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ከእኛ አገር ይዞ አውሮፓ መግባት ክልክል ነው ብላት «አራስ እኮ ናት!» አለችኝ። ለጉምሩክ እንዲህ ተብሎ አይነገርም።

ከቦሌ ማታ ተነስተን ንጋት ላይ ፍራንክፈርት ገባን። ወረቀቶቹን ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቱ። ፖሊሱ የት እንደማርፍ፣ መቼ እንደምመለስ፣ ማን እንደጋበዘኝ ጠየቀኝ፤ የመልስ ቲኬቱንና የዋስትናውን ኮፒ አየና ማህተሙን መታልኝ። እህቴ ውጪ ልጅቷን ታቅፋ ቆማለች። በማግስቱ ክርስትና ተነሳች፤ ቄሱ ውኃውን ሲያፈሱባት ከቤተ ክርስቲያኑ ውጪ እስኪሰማ ጮኸች።

ለንደን ያለ ጓደኛዬ ብቅ በል ሲለኝ አልሆነም። እንግሊዝ የራሷ ቪዛ አላት፤ ከሼንገን አንዴ ከወጣሁ ደግሞ መመለሻ የለኝም። ሁለት ሰዓት በሚፈጅ ባቡር፣ በዚያው ቪዛ የፈረንሳይዋን ስትራስቡርግን አይቼ መጣሁ።

ነሐሴ ሳያልቅ አዲስ አበባ ገባሁ። የመውጫ ማህተሙን ኮፒ አድርጌ አስቀምጫለሁ፣ ለሚቀጥለው ይጠቅማል። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ሲያዩኝ አቀፉኝ፤ ቀጥለው ተጨማሪ ሁለት ክፍል ሰጡኝ።

አሁን እህቴ «እማዬን ላክልኝ» እያለች ነው። እማዬ ስቴትመንት የላትም። የተወለደችውም «በማርያም ዕለት» ነው እንጂ ዓመቱን የሚያውቅ የለም። ቤቱ ግን በስሟ ነው፤ ካርታውን ለአስተርጓሚ ሰጥቻለሁ።