ማኘክ

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ደብሮኛል። ምክንያት የለውም። ሥራው እንደወትሮው ነው፣ እንቅልፌም ደህና ነበር። ብቻ ደብሮኛል። እንዲህ ሲያደርገኝ ድሮ ምን እንደማደርግ ታውቃላችሁ፤ የሚጠበስ ነገር ፈልጌ እጠብሳለሁ። ሽንኩርቱ ዘይት ውስጥ መንጫጫት ሲጀምር ግማሹ ድብርት ይለቀኛል። አሁን ግን ከምበላው አብዛኛው ጥሬ ስለሆነ ካሮት ልጬ፣ ጥቅል ጎመን በስሱ ከትፌ፣ ሎሚ ጨምቄበት ቁጭ አልኩ።

እና ማኘክ ጀመርኩ።

ስለ ጥሬ ምግብ ሲወራ ሁሉም ስለ ቫይታሚን ነው የሚያወራው። ስለ መንጋጋ የሚናገር የለም። የመጀመሪያው ሰሞን ጆሮዬ ሥር ያመኝ ነበር። ጥቅል ጎመን በተለይ ቶሎ እጅ አይሰጥም። መሃሉ ላይ ያለው ነጩ ወፍራም ክፍል ሲሰበር ድምፁ ጭንቅላት ውስጥ ያስተጋባል። መጀመሪያ ውሃ ውሃ ይላል። ቀጥሎ እንደ ሰናፍጭ ያለ ነገር አፍንጫ ላይ ይወጣል። ታግሶ ላኘከው ደግሞ መጨረሻ ላይ ይጣፍጣል። ተቀቅሎ ሲበላ ይህ ሁሉ ቅደም ተከተል የለም። አንዴ ይዋጣል፣ አለቀ።

ቺምፓንዚዎች በቀን ወደ 6 ሰዓት ያህል ሲያኝኩ ይውላሉ። ሪቻርድ ራንግሃም የሚባል የሃርቫርድ ተመራማሪ ሰውን ሰው ያደረገው ምግብን እሳት ላይ ማብሰሉ ነው ብሎ ይከራከራል። የበሰለ ነገር ለስላሳ ነው፣ ሰውነት ጉልበቱን በቀላሉ ያገኘዋል። ስለዚህ ጥርሳችንም አንጀታችንም እያነሰ ሄደ፤ ከማኘክ የተረፈው ጊዜ ለሌላ ነገር ዋለ ባይ ነው። በሐሳቡ የማይስማሙ ሳይንቲስቶች አሉ። ማታ ካሮት ይዤ ስቀመጥ ግን እኔ አምነዋለሁ።

ይህን ስል ጥሬውን እያማሁት እንዳይመስላችሁ። ወድጄዋለሁ። ከሰዓት በኋላ ይጥለኝ የነበረው ድካም ቀንሷል፣ ሆዴም ቀሎኛል። ጥብሱንና ጣፋጩን መቀነሴም የራሱ ድርሻ እንዳለው አልክድም። ግን ጥሬው ራሱ ጥቅም አለው። ቫይታሚን ሲ ሙቀት አይወድም፤ በዚያ ላይ ውሃ ውስጥ ስለሚሟሟ አትክልት ቀቅለን ውሃውን ስንደፋ አብሮ ይደፋል። ፎሌት የሚባለው ቫይታሚንም እንደዚያው ነው።

በሌላ በኩል ቲማቲሙን አብስዬ ነው የምበላው። ቀይ ያደረገው ላይኮፒን ሲበስል፣ በተለይ ትንሽ ዘይት ሲያገኝ፣ ሰውነት በደንብ ይወስደዋል። ካሮትም ቢሆን ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚቀይረውን ቤታ ካሮቲኑን በልግስና የሚሰጠው ሲበስል ነው። ቀይ ቦሎቄማ አይሞከርም። አራት አምስት ፍሬ ጥሬውን ቢበላ ሰውን ሊያስታውክ ይችላል። ውሃ ውስጥ አድሮ፣ ውሃው ተደፍቶ፣ በአዲስ ውሃ በደንብ መንተክተክ አለበት። ለዚህ ነው «ሙሉ በሙሉ ጥሬ» ከሚሉት ጋር የማልስማማው። «ማብሰል ኢንዛይሙን ይገድለዋል» ይላሉ፤ ምግብ እንዲፈጭ የሚረዳው እሱ ነው ብለው። ልክ ነው፣ ይገድለዋል። ግን የአትክልት ኢንዛይም ፕሮቲን ነው፤ ጨጓራ እንደማንኛውም ፕሮቲን ይፈጨዋል። የእኛን ምግብ የሚፈጭልን የራሳችን ኢንዛይም ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ጀርመን ውስጥ የጊሰን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ500 በላይ ጥሬ ተመጋቢዎችን አጥንተው ውጤቱን አሳተሙ። ከ45 ዓመት በታች ከሆኑት ሴቶች 30 በመቶ የሚሆኑት የወር አበባቸው ተዛብቷል ወይም ጭራሽ ቀርቷል። ሰውነታቸው ከስቶ ነበር። ይህን ካነበብኩ በኋላ «አብዛኛው» በሚለው ላይ ረጋሁ። እንቁላሌን ቀቅዬ እበላለሁ። ሥጋም ካለ በደንብ በስሎ።

ማኘክ ማኘክ ስል ታዲያ አባዬ መጣብኝ። አሁን ይህን የምጽፈውም ስለሱ እያሰብኩ ነው።

ባለፈው ሰሞን ሳህኔን ሲያይ ቆየና «ያንቺ ምግብ ቀለም አለው» አለኝ። ቀይ ሥር ፈቅፍቄ ነበር። ጫፍ ጫፉ ሎሚውን ወደ ሮዝ ቀይሮታል። የእሱ ሳህን ላይ እኔው የሠራሁለት የዱባ ሾርባ ነበር። ከዚያ «እኔም ካንቺ ጋር ልጀምር» አለ።

ሰው ሠራሽ ጥርሱን ታውቃላችሁ። ካሮት የሚሰብር አይደለም። ግን ጥርሱ ቀላሉ ነው። ፓፓያ አለ፣ አቮካዶ አለ፣ መፍጫም አለ። የከበደኝ መድኃኒቱ ነው። ልቡ ካመመው ጀምሮ ዋርፋሪን ይወስዳል፤ ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ማለቴ ነው። መድኃኒቱ የሚሠራው የቫይታሚን ኬን ሥራ በማገድ ነው። ቫይታሚን ኬ ደግሞ እንደ ቆስጣና ሰላጣ ባሉ አረንጓዴ ቅጠሎች ውስጥ ሞልቷል። ቅጠል የማይበላ ሰው ድንገት በየቀኑ መብላት ቢጀምር የመድኃኒቱ ጉልበት ይቀንሳል፣ ደሙም ሊረጋ ይችላል። ሐኪሙ የመድኃኒቱን መጠን ከጨመረለት በኋላ ቅጠሉ ሰልችቶት ቢተወው ደግሞ ለመድማት ይጋለጣል። ቅጠሉ ክልክል አይደለም። የሚፈለገው የሚበላው ቅጠል መጠን ከቀን ቀን እንዳይዋዥቅ ነው፤ ደሙም እየተመረመረ። መፍጫው ደግሞ አንድ እቅፍ ቆስጣ አንድ ብርጭቆ ውስጥ ይከታል፤ አኝኮ ቢሆን ያን ያህል ባልበላ።

ዕድሜውም አለ፤ ከጥሬ ምግብ የሚመጣ በሽታ አዛውንትን ይበልጥ ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2011 ጀርመን ውስጥ ጥሬውን የተበላ የአብሽ በቆልት ያመጣው ወረርሽኝ ከ50 በላይ ሰዎች ገድሏል። ኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ነበር። እሳት ሲነካው ይሞታል። በደንብ አጥቤ ነው የምበላው፣ ግን ማጠብ እሳትን አይተካም። ለእኔ የምደፍረውን ለእሱ አልደፍርም።

ይህን ሁሉ አስረድቼው ዝም ማሰኘት እችል ነበር። አላደረግሁትም። ልቡን ካመመው በኋላ አባዬ «ልጀምር» ብሎ የሚያውቀው ነገር የለም። መብላትም ግዴታው ነው፤ ስለቀረበለት ይበላል። ድሮ ቤታችን ውስጥ አንድ ድስት ነበር። አሁን አንድ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ዓይነት ምግብ ይቀርባል፤ እሱ ሾርባውን በአምስት ደቂቃ ጨርሶ እኔ እስካኝክ ይጠብቀኛል። አንዳንዴ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ መንጋጋዬን ያያል። ዛሬም እንደዚያ ነበር። ቀለሙን አይደለም የፈለገው መሰለኝ።

ሐኪሙ ጋ ቀጠሯችን ቅርብ ነው። ምን ያህል ቅጠል፣ በየስንት ጊዜው የሚለውን ጽፌ ይዣለሁ። እስከዚያ ሙዝና ፓፓያ ቆርጬ ከፊቱ አስቀምጣለሁ፤ እነሱ ቫይታሚን ኬያቸው ትንሽ ነው፣ ልጣጫቸውም ይነሳል። ግን ሐኪሙ «ጥሬው ይቅርባቸው» ቢልስ? ጤናዬን ያገኘሁት በዚህ ሳህን ነው፤ ልመልሰው አልፈልግም። አባዬን ደግሞ ሾርባው ላይ ብቻውን ልተወው አልፈልግም። ማናችን ነን ወደ ማናችን ምግብ የምንሄደው?