አባዬ ሳያየው ያለፈው አገር

አባዬ ሾፌር ነበር። የሚነዳው የጭነት መኪና፣ ኤንትሬ ከነተሳቢው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደብረ ብርሃን፣ በጣርማ በር፣ በኮምቦልቻ አድርጎ አሰብ ወደብ ይወርዳል፣ ጭነቱን ይዞ ደግሞ ሽቅብ። ባሕር የሚባለውን ነገር ያወቅኩት በእሱ ወሬ ነው። ስለራሳችን አገር ስለ ሰሜን ሸዋ ግን ብጠይቀው ወሬ አልነበረውም። «ጣርማ በር እንዴት ነው?» ስለው የሚነግረኝ ስለ ፍሬን ነው። አንኮበርን በስም ያውቃታል፣ መንዝንም እንዲሁ። ከዋናው መንገድ ወጣ ብሎ አያውቅማ! ጭነት የያዘ ሰው የት ይገባል?

ጥቅምት 2010 ዓ.ም. ላይ አባዬን ይዤ ያን አገር ላሳየው ብዬ የታላቅ ወንድሜን ሃይሩፍ ለአምስት ቀን ለመንኩት። የኋላ ወንበሮቹን ፈታን። ፍራሽ አነጠፍን፤ ቡታጋዝ፣ ሁለት ጀሪካን ውሃ፣ ድስት፣ ሁለት የመንዝ ባና፣ ያ የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ፣ ጫንን። ፈረንጆች ለዚህ ተብሎ የተሠራ፣ አልጋና ወጥ ቤት ያለው መኪና አላቸው፣ እየነዱ አገር ያያሉ፣ በመሸበት ያድራሉ። አባዬ የኛን ዞር ዞር ብሎ አየና «ይሄማ የኔው ጋቢና ነው፣ ሰፋ እንጂ» አለ። እውነቱን ነው፤ ስንት ዓመት ሙሉ ጋቢና ውስጥ ያደረ ሰው ነው።

ስለ ደብረ ብርሃን አልጽፍም፤ ቤቴ ናት፣ ከጀመርኩ አላቆምም። በጠዋት ወደ አንኮበር ወጣን። 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የገብስ ማሳ፣ የድንጋይ አጥር፣ በግ፣ እንደገና የገብስ ማሳ እያልክ ትሄድና ድንገት መሬቱ ያልቃል። ከድሮው ቤተ መንግሥት ጉብታ ላይ ቆመን ቁልቁል አየን፤ ተራራው እየተደራረበ ወርዶ ወርዶ መጨረሻው የአፋር ሜዳ ነው፣ ሙቀቱ ከዚያ ላይ ሆነህ ይታይሃል። የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከተማ ነበረች፣ ምኒልክም ወደ እንጦጦ ከመውጣታቸው በፊት እዚሁ ነግሠዋል። ከሥር አልዩ አምባ አለች። የሲራራ ነጋዴው ከታጁራ የባሕር ዳርቻ ተነስቶ በግመል በረሃውን አቋርጦ የሚደርሰው እሷ ጋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 የመጡት የእንግሊዝ መልእክተኞችም በዚያው መንገድ ነው የወጡት። አባዬ ይህን ስነግረው የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ስንት ቀን ፈጀባቸው?»

«ከወር በላይ።»

ዝም ብሎ ሜዳውን አየ። «እኔ በሦስተኛው ቀን እገባ ነበር» አለ ቆይቶ።

ሲመሽ አንድ ግቢ ደጃፍ ቆምን። አባዬ ወርዶ «የመሸብን የእግዜር እንግዶች ነን፣ መኪናችንን እዚህ አቁመን እንደር?» አላቸው። የቤቱ አባወራ ሽበታም ሰው ናቸው። «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ግቡ» አሉ። እኛ መኪና ውስጥ እንደምናድር ስንነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ። እንግዳ ደጅ አድሮ ጎረቤት ምን ይላል? አልጋቸውን ሊለቁልን ነበር። ብዙ ተለማምነን ተስማማን፤ እራት ከእነሱ ጋር እንበላለን፣ መኝታው መኪና ውስጥ። የገብስ እንጀራ በሽሮ፣ ጎመን፣ ቀጥሎ ለአባዬ አረቄ። ሌሊት ላይ የመኪናው መስኮት ሲንኳኳ ደነገጥኩ። እኚያው ሰው ናቸው፣ በክንዳቸው ሌላ ባና ይዘዋል። «ብርዱ ለአባትሽ ይከብዳል» ብለው ሰጥተውኝ ሄዱ። በሰሜን ሸዋ መኪና ውስጥ ለማደር ያለው ችግር ይሄ ነው፣ ሰው አያስችለውም። ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፤ ከመቆማችሁ በፊት ጠይቁ፣ የሚሰጣችሁንም ተቀበሉ።

በማግስቱ ጣርማ በር። ዋሻው 587 ሜትር ነው፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን ያስቆፈረው። አባዬ ከመግባታችን በፊት «አቁሚ» አለኝ። ስንቴ አልፎበት አንድም ቀን ከመኪና ወርዶ እንዳላየው ያን ዕለት ነው የነገረኝ። ጉሙ ከሥር እየተንከባለለ ይመጣል፣ መንገዱን ይሸፍናል፣ ደግሞ ይገለጣል። እዚያ ጫፍ ላይ የሚዘንብ ዝናብ ለሁለት ይከፈላል። ወደ ምዕራብ የወረደው ጀማ ይገባል፣ ከጀማ ዓባይ፣ ከዓባይ እስከ ሜዲትራኒያን ባሕር። ወደ ምሥራቅ የወረደው አዋሽ ይገባል፣ አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳያይ አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። «አዋሽን ስንቴ ተሻግሬዋለሁ፣ የት እንደሚደርስ ግን አስቤ አላውቅም» አለ አባዬ።

ከዚያ ወደ መንዝ ታጠፍን፣ ጓሳ የሚባለው የደጋ ሣር ሜዳ ላይ አደርን። ከፍታው ከ3,200 ሜትር ይጀምራል። ቡታጋዙ እንኳ እሳቱ ደከመ፣ ሻይ ለማፍላት ዕድሜ ፈጀብን። ከሰል መኪና ውስጥ እንዳታስገቡ አደራ፣ ይገድላል፤ መስኮት ትንሽ ከፈት አድርጋችሁ ባና ደራርቡ። ጠዋት ስነሳ ትንፋሻችን መስታወቱ ላይ በረዶ ሆኗል። በጥፍሬ ፈቅፍቄ በዚያች ቀዳዳ ስመለከት ጅብራው፣ ያ ረጅሙ የደጋ ተክል፣ ቆሟል፣ ሣሩ አመዳይ ለብሶ ነጭ ሆኗል፣ መሃል ላይ አንድ ቀይ ቀበሮ። አባዬን በክርኔ ነካሁት። ቀበሮው ጆሮውን አቅንቶ አንድ ቦታ ላይ ደረቀ፣ ከዚያ ዘሎ በሁለት እግሩ አይጥ ያዘ። በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 አይበልጡም። አባዬ እስኪጠፋ ድረስ ትንፋሹን ውጦ ነበር። ጓሳ እስከዛሬ የቆየው የመንዝ ሰው ስለጠበቀው ነው። የሁለቱ የመንዝ አባቶች፣ የአስቦና የጌራ፣ አጽመ ርስት፣ ማለትም ለዘር የሚወርድ መሬት ነበር፤ ሣሩን ለዓመታት ይዘጉታል፣ ሲደርስ ብቻ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ ይታጨዳል። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያ ሥርዓት ቢፈርስም ሰዉ መልሶ ጥበቃውን ያዘ። በጣም የምኮራበት ነገር ነው።

ቁልቁለቱን ስንወርድ አባዬ ሾፌርነቱ ተመለሰበት። «ማርሽ ቀንሺ፣ በሞተር ያዢው፣ ፍሬን ላይ አትተኚ።» ደብረ ሲና ቆሎ ገዛን፣ ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ጃኬት አውልቀን ነበር። ጠዋት በረዶ የፋቅሁ ሰው ማታ 1,280 ሜትር ላይ በካናቴራ ማንጎ እበላለሁ፣ ያውም በአንድ ዞን ውስጥ!

ያኔ መንገዱ ሰላም ነበር። ዛሬ ለመሄድ የምታስቡ ከመነሳታችሁ በፊት እዚያው ላለ ሰው ደውላችሁ ጠይቁ።

የመጨረሻዋን ማታ በሩን ከፍተን ተኛን። መኪና በአጠገባችን ወደ ታች ያልፋል። አባዬ በጀርባው ተንጋሎ መቁጠር ጀመረ። «አጣዬ፣ ካራቆሬ፣ ከሚሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ባቲ፣ ሚሌ፣ ሎጊያ፣ ሰርዶ፣ ዲቾቶ፣ ኤሊዳር፣ ማንዳ፣ ቡሬ።» እዚያ ላይ ዝም አለ።

«ከዚያስ?» አልኩት።

«ከዚያማ ሽታው ይቀድማል» አለኝ። «ባሕሩን ሳታዪው ይሸትሻል።»