የሰው ወርቅ፦ ለኮሌጅ የቅርጫት ኳስ ቡድኔ የማጥቃት ስልት ስመርጥ

የውድድሩ ሁለተኛ ጨዋታችን ነው። ሴንተራችን (ቅርጫቱ ሥር የሚጫወተው ልጅ) የቅጣት ምት መስመሩ አጠገብ ኳሷን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ከተከላካይ ጀርባ ሾልኮ የሚገባለት ጓደኛ ይጠብቃል። አንዱ ሞከረ፣ ተዘጋበት። ሌላው ተራው መሆኑን ረሳ። ተቀያሪዎቹ ከወንበራቸው ተነስተው «አምስት! አራት! ሦስት!» ይላሉ። ሴንተሩ ጨነቀውና በልምምድ እንኳ ሞክሮት ከማያውቀው ርቀት ወረወረ፤ ኳሷ ቀለበቱን ሳትነካ ወጣች። እኔ ሜዳው ዳር ቆሜ «ተረጋጉ! ታገሡ!» እያልኩ እጮሃለሁ። በ24 ሰከንድ ውስጥ ኳስ መወርወር ግድ በሆነበት ጨዋታ ትዕግሥት የሚሰብክ አሰልጣኝ! ዛሬ ሳስታውሰው ያስቀኛል፤ ያን ቀን ግን ጥፋቱ የልጆቹ ይመስለኝ ነበር።

ጥፋቱ የኔ ነበር። ስልቱን የመረጥኩት ልጆቹን ሳላይ ነው።

የመረጥኩት የፕሪንስተንን ስልት ነው። ፔት ካሪል በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ከ1967 እስከ 1996 ባሰለጠነባቸው ዓመታት ዝነኛ ያደረገው ማለት ነው (ዘመኖቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። ሲታይ ያምራል። ሴንተሩ ከቅርጫቱ ርቆ ወደ ላይ ይወጣል፣ የቅርጫቱ ሥር ባዶ ይሆናል። ተከላካይህ ኳስ እንዳትቀበል ፊትህ ተጋርጦ ካስቸገረህ፣ ወደ ኳሷ የምትሄድ መስለህ በጀርባው ትገባለህ፤ ኳሷም እዚያው ትደርስሃለች። በ1996 ያለፈውን ዓመት የአሜሪካ ኮሌጆች ሻምፒዮን ዩሲኤልኤን 43 ለ 41 ሲያሸንፉ የመጨረሻዋ ቅርጫት የገባችው እንዲህ ነው። በቁመትም በጉልበትም የሚበልጧቸውን ልጆች በጭንቅላት ሲረቱ እያየሁ «የኔም ቡድን አጭር ነው፣ የኔም ቡድን ብልጥ ነው» አልኩ። አጭር መሆናችንስ እውነት ነበር።

ያላየሁት ሰዓቱን ነው። በዚያ ጨዋታ ለአንድ ጥቃት የሚፈቀደው 35 ሰከንድ ነበር። እኛ የምንጫወተው በዓለም አቀፉ ሕግ፣ በ24 ሰከንድ ነው። ኳሷን ከራሳችን ሜዳ ለማሻገር 8 ሰከንድ ይፈቀዳል፤ ተጋጣሚ ከጀርባ ጀምሮ ሲጫነን ደግሞ ሰባቱን እንጨርሰው ነበር። በቀረን 17 ሰከንድ ውስጥ አራት አምስት ቅብብልና ሦስት ሽሎካ እንድንጨርስ ነበር የምጠይቃቸው። በኋላ ታሪኩን ሳገላብጥ ብዙዎቹ በስም የምናከብራቸው የኮሌጅ ስልቶች ሰዓት በሌለበት ዘመን የተወለዱ መሆናቸውን አስተዋልኩ። በአሜሪካ የወንዶች ኮሌጅ ውድድር የጥቃት ሰዓት ለሁሉም የተደነገገው ከ1985–86 ወቅት ጀምሮ ነው፤ ያውም 45 ሰከንድ ነበር። ዛሬም 30 ነው። አሰልጣኝ ቦብ ናይት ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲን ይዞ በ1976 ሰላሳ ሁለቱንም ጨዋታ ሲያሸንፍ ተጫዋቾቹን የሚያጣድፋቸው ሰዓት አልነበረም።

ሁሉንም በሰዓት ማሳበብ ግን ልክ አይደለም። ቴክስ ዊንተር ያዳበረው የሦስት ማዕዘን ስልት በዚያው በ24 ሰከንድ አሰልጣኝ ፊል ጃክሰንን ለ11 የኤንቢኤ (የአሜሪካ ፕሮፌሽናል ሊግ) ዋንጫ አብቅቶታል። ልዩነቱ የእነዚያ ሰዎች ሥራቸው ቅርጫት ኳስ ነው። የኔ ልጆች ፈተና አለባቸው፣ በሳምንት ሦስት ቀን ነው የማገኛቸው፣ ስልቱ ገብቶት ለሌላው ማስረዳት የሚችለውም ልክ ሲበስል ተመርቆ ይሄዳል። ኮሌጅ ውስጥ ስልት ስትመርጥ ለማስተማር ስንት ሳምንት ይፈጃል የሚለውም የዋጋው አካል ነው። እኔ ያን ዋጋ አልጠየቅኩም።

አራት ጨዋታ ከተሸነፍን በኋላ ደብተር ገዛሁ። ጉልበቱን ተጎድቶ ከሜዳ ውጪ የነበረ አንድ ተጫዋች አጠገቤ ቁጭ ብሎ እያንዳንዱን ጥቃት እንዲመዘግብ ጠየቅኩት፦ እንዴት ተጀመረ፣ ማን ወረወረ፣ ከየት፣ ሰዓቱ ላይ ስንት ሲቀር፣ በምን አለቀ። ገባች አልገባች የሚለው የመጨረሻው ዓምድ ነው። ልጁ መጀመሪያ ቅጣት መስሎት አኩርፎ ነበር፤ በሦስተኛው ጨዋታ ከኔ ቀድሞ የሚያየው እሱ ሆነ።

ነጥብን በጨዋታ ሳይሆን በጥቃት ማካፈል ያስፈልጋል፤ አለዚያ የሚሮጥ ቡድን ሁልጊዜ ጎበዝ፣ የሚያዘግም ቡድን ሁልጊዜ ደካማ ይመስላል። የጥቃት ቁጥር የሚገኘው እንዲህ ነው፦ የወረወርናቸው ኳሶች፣ ሲደመር ያባከንናቸው፣ ሲቀነስ ስተን ራሳችን መልሰን የያዝናቸው፣ ሲደመር የቅጣት ምቶች በ0.44 ተባዝተው። የቅጣት ምት ባብዛኛው ጥንድ ሆኖ ስለሚመጣ ግማሽ ይሆናል፤ ከግማሽ የሚያንሰው ቅርጫት ከገባ በኋላ የምትጨመረዋ አንድ ምት የራሷ ጥቃት ስላልሆነች ነው። ለምሳሌ 62 ሙከራ፣ 16 ብክነት፣ 10 የማጥቃት ሪባውንድ (ስቶ ራሱ መልሶ የያዘው ኳስ) እና 20 የቅጣት ምት ያለው ቡድን 77 ገደማ ጥቃት አድርጓል። 60 ነጥብ ካገባ በአንድ ጥቃት 0.78 ያህል ነው፤ ደካማ ነው። የቅርጫት ኳስ ቁጥር ተንታኙ ዲን ኦሊቨር ይህን ሁሉ በአራት ነገር ይጠቀልለዋል፦ የመወርወር ብቃት፣ ኳስ አለማባከን፣ የማጥቃት ሪባውንድ፣ የቅጣት ምት። አራቱንም በደብተሩ ጎን ጻፍኩና የኛን ከተጋጣሚ ጋር አነጻጸርኩ። በሦስቱ ተበልጠናል። በሪባውንድ ብቻ እንበልጣለን።

ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው። ልጁ በራሱ ፈቃድ «ተበላሸ» የሚል ምልክት ጨምሮ ነበር፤ እኔ ያዘዝኩት እንቅስቃሴ ሳይሳካ ሲቀር የሚያደርገው ምልክት ነው። የተሻለ ነጥብ ያገኘነው በተበላሹት ላይ ነው! ነገር ሲጠፋ ኳስ የሚመራው ትንሹ ጋርዳችን ሴንተሩን በእጁ ጠርቶ ስክሪን ያስቆመዋል (የተከላካዩን መንገድ በሰውነቱ ያዘጋዋል)፣ በቀኙ ትከሻውን ታኮ ያልፋል፣ ወይ ራሱ ይገባል ወይ ፋውል ይሠራበታል፤ ከሳተም ሴንተሩ ሪባውንዱን ይለቅማል። ሁለቱ ለወራት ይህን ከኔ ተደብቀው ሲጫወቱ ነበር ማለት ይቻላል። እኔም ከሜዳው ዳር «ስልቱን ተከተሉ!» እያልኩ እቆጣቸው ነበር።

የአወራወር ሒሳቡም ከነሱ ጋር ወገነ። ከመካከለኛ ርቀት ከ100 ሙከራ 36 የሚያገባ ተጫዋች በአንድ ሙከራ 0.72 ነጥብ ያመጣል። ከ6.75 ሜትሩ መስመር ውጪ 33 የሚያገባው 0.99፣ ቅርጫቱ ሥር 55 የሚያገባው 1.10 ያመጣል። ሁለት የቅጣት ምት የሚቆም የ70 በመቶ ተጫዋች ደግሞ 1.40። የኔ ያማረ ስልት ሰዓቱ ሲያልቅበት የሚወልደው የመጀመሪያውን ነበር፤ የሁለቱ ልጆች ድብቅ ጨዋታ የሚወልደው የመጨረሻዎቹን ሁለት።

ስልት እንደምቀይር ስነግራቸው ልጆቹ የራሳቸው ሐሳብ ነበራቸው። «ኮች፣ ለምን ዝም ብለን አንሮጥም?» አሉ። ሎዮላ ሜሪማውንት የሚባል የአሜሪካ ኮሌጅ ቡድን በ1990 በጨዋታ በአማካይ 122.4 ነጥብ ያገባ እንደነበር አንዱ ከየት እንዳመጣው አላውቅም፣ ይዞ መጣ። ልቤም ተሰርቆ ነበር፤ ሩጫ መማር ቀላል ነው፣ ተመልካችም ይወደዋል። አንድ ሳምንት ሮጥን። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ያገኘነውን ቅርጫት ሁሉ በብክነት መለስነው። ለሩጫ ዘጠኝ አሥር ተመጣጣኝ ተጫዋች ያስፈልጋል፤ እኔ ያለ ስጋት ማስገባት የምችለው ሰባት ነው። ተውነው። ፍሌክስ የሚባለውንም ስልት አሰብኩ፣ በሁለት ልምምድ አልፌዋለሁ፤ ባብዛኛው የሚያወጣው ሙከራ ከመካከለኛ ርቀት ነው፣ እኛ ደግሞ እሱ ይበቃን ነበር።

የመረጥነው አራት ውጪ፣ አንድ ውስጥ ነው። አራቱ ከሦስት ነጥብ መስመር ውጪ ይበተናሉ፤ ሴንተሩ ከውስጥ መጥቶ ለጋርዱ ስክሪን ያቆማል። ሰዓቱ 16 ሲል ስክሪኑ ቆሞ መገኘት አለበት፤ ይህን ብቻ እንደ ሕግ ያዝኩት። ሌላው ሁሉ ተከላካዩን አይቶ የሚመለስ መልስ ነው። ጋርዱን የሚጠብቀው ከስክሪኑ በታች ካለፈ፣ ወርውር። በላይ ተከትሎህ ከመጣ፣ ጀርባህ ላይ አስቀምጠህ ኳሷን እያነጠርክ ወደ ቅርጫቱ ንዳ። ተከላካዮቹ ከተለዋወጡ፣ ሴንተራችን አጭር ሰው ይዟልና ስጠው። ሁለቱም አንተ ላይ ከዘለሉ፣ ቶሎ ለሴንተሩ ልቀቅለት፤ ከፊቱ ሦስት ተከላካይ ነው ያለው፣ እኛ አራት ነን። እንቅስቃሴ በቃል ማስጠናት አቆምኩ። ሁለት ለሁለት፣ ከዚያ ሦስት ለሦስት፣ በመጨረሻ ብቻ አምስት ለአምስት አጫወትኳቸው። ጥግ ላይ የሚቆሙት ሁለቱ ሳያውቁት ወደ ውስጥ እየተሳቡ ቦታ ስላጠበቡ መሬቱ ላይ ፕላስተር ለጠፍኩ፤ ከፕላስተሩ የወጣ ኳስ አይቀበልም። የልጅ ጨዋታ ይመስላል፣ ግን ከንግግሬ ሁሉ የሠራው እሱ ነው።

በአዲሱ ስልት ሁለት አሸነፍን፤ በሦስተኛው ተጋጣሚ ሁለት-ሦስት ዞን (ሰው በሰው ሳይሆን ቦታ ተከፋፍሎ፣ ሁለት ከፊት ሦስት ከኋላ) ቆሞ ጠበቀን። በዞን ላይ ጋርዱ ስክሪኑን ሲያልፍ ሌላ ሰው ተረክቦ ይጠብቀዋል፤ ጥግ ላይ ያሉትም ልጆቼ ከሩቅ ደካማ ስለሆኑ ማንም አልፈራቸውም። ያልተዘጋጀሁበት ነገር ነበርና አንድ አጋማሽ ሙሉ ስንንገዳገድ ቆየን። በዕረፍት ሰዓት ሴንተሩን የቅጣት ምት መስመሩ ላይ፣ በዞኑ እምብርት አቆምኩትና አንዱን ልጅ ከቅርጫቱ በስተጀርባ ባለው መስመር ከጥግ ጥግ እንዲመላለስ አደረግኩ። ተሸነፍን፣ ግን መተንፈስ ቻልን። የዞን መልስ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ መሠራት የነበረበት ነገር ነው፤ በዕረፍት ሰዓት በድንገት ከሚወለድ ስልት ይሰውራችሁ።

የቅጣት ምት ሌላ ዕዳ ነበር። እየነዳ የሚገባ ቡድን የሚኖረው በቅጣት ምት ነው። ቫንስ ዋልበርግ የፈጠረውን የመንዳት ስልት የያዘው የአሰልጣኝ ጆን ካሊፓሪ ቡድን ሜምፊስ በ2008 የአሜሪካ ኮሌጆች ፍጻሜ ሁለት ደቂቃ ገደማ ሲቀር በ9 ነጥብ ይመራ ነበር፤ የቅጣት ምቶች እየሳተ ቆይቶ በጭማሪ ሰዓት ለካንሳስ 75 ለ 68 እጅ ሰጠ። ይህን እያወቅኩ እኛ የቅጣት ምት የምንለማመደው ልምምድ ሲያልቅ፣ ሁሉም ቦርሳውን ሲያነሳ ነበር። ከዚያ ወዲህ መሃል ላይ፣ ትንፋሽ ቁርጥ ቁርጥ ሲል ሁለት ሁለት ብቻ እንወረውራለን። በጨዋታ የሚመጣው እንደዚያ ነውና።

ካደረግሁት ሁሉ የሚቆጨኝ አንድ ልጅ ነው። በፕሪንስተኑ ስልት ውስጥ ከጀርባ መሾለክን እንደሱ የተካነ አልነበረም፤ በአዲሱ ግን ጥግ ላይ ፕላስተር ላይ ቆሞ የሚወረውር ሰው ሆነ፣ መወርወር ደግሞ አይሆንለትም። ሦስት ሳምንት ዝም ብሎ ታገሠኝ። አንድ ቀን ከልምምድ በኋላ ቀረና «ኮች፣ እኔ እዚያ ጥግ የቆምኩት ለማን ነው?» አለኝ። መልስ አጣሁ። በማግሥቱ አንድ ነገር ጨመርን፦ ጋርዱ ሲነዳ የሱ ተከላካይ ራሱን አዙሮ ኳሷን ካየ፣ ጥግ አይጠብቅም፣ ከጀርባው ይገባል። ከፕሪንስተን የቀረን ቅርስ ያ ነው፤ ያንን ዓመት ከያዝናቸው መልሶች ሁሉ ለመዝጋት ያስቸገረውም እሱ ይመስለኛል። ቀድሜ ብጠይቀው ኖሮ ሦስት ሳምንት አይባክንም ነበር።

ወቅቱን በመካከለኛ ደረጃ ጨረስን። ዋንጫ የለም።

ዘንድሮ ሴንተሩ ተመርቆ ሄዷል። ቦታውን የያዘው ልጅ ቀጭን ነው፤ ስክሪን ሲያቆም ገፍተውት ያልፋሉ፣ ሪባውንድም ላይ ይጣላል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ያለ አንድም መመሪያ ሦስት ለሦስት እያጫወትኳቸው ነው፤ ደብተሩ ጉልበቴ ላይ ነው። ትናንት ይህ ቀጭን ልጅ ገፊዎቹን ሸሽቶ ወደ ቅጣት ምት መስመሩ ወጣ፣ ኳስ ተቀበለ፣ ቀና ብሎ አየ፤ ያ የጥግ ልጅ ከተከላካዩ ጀርባ ሾለከ፣ ኳሷ መሬት ነጥራ እጁ ገባች፣ ቅርጫት። ማንም አላስተማራቸውም። ቀና ብለው አዩኝ። መዘገብኩና «ቀጥሉ» አልኳቸው።